የመሃሉ በር ሽብልቅ

ሰኞ ማታ

ሁለት የተኳረፉ ሰዎች መሃል ተቀምጦ ራት የሚበላ ሰው ዓይኑን የት ነው የሚያሳርፈው? እኔ ጨው ዕቃው ላይ አሳርፋለሁ። ከአባባም ከጋሼም ወገን ያልሆነ ነገር ጠረጴዛው ላይ እሱ ብቻ ነው።

አባባ፣ «ለዚያ ሰውዬ ዳቦውን ያስጠጋልኝ በይልኝ» አለኝ። ጋሼ ከአጠገቡ ሆኖ፣ «እጁ አይደርስም ወይ በይልኝ» አለ። እማዬ ማንኪያዋን አስቀመጠችና፣ «እኔ ደግሞ ሁለታችሁንም ከነዳቦው በር ላይ አወጣችኋለሁ ብላለች በያቸው» አለች። ሳቅሁ። ብቻዬን ነው የሳቅሁት።

ነገሩ የማኅበር ነገር ነው። ከሰል ጉድጓዱ ላይ ሁለት የሠራተኛ ማኅበር አለ፤ ነባሩና አዲሱ። ነባሩን አባባና እኩዮቹ በጉልምስናቸው አቋቋሙት። አዲሱ ገና ጥርስ አላበቀለም፤ ግን ሲወለድ ቢሮና መኪና ይዞ ነው የተወለደው። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ወደ አዲሱ ከዞረ ወዲህ አባባ በስሙ አይጠራውም። በወሩ መጨረሻ ሠራተኛው ድምፅ ይሰጣል፤ ከኩባንያው ጋር የሚደራደረው ያሸነፈው ማኅበር ብቻ ነው።

ይሁን። ለእኔ ዛሬ ትልቅ ቀን ነበር! ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ የአየር ማስተላለፊያ ክፍል ከገባሁ ጀምሮ ካርታ ከመጠቅለል በቀር ሥራ አልነበረኝም። ዛሬ ኢንጂነሩ ጠርቶ፣ «ምሥራቁ ዋሻ አየሩ እንዲበረታ መላ ፈልጊ» አለኝ። እኔን! ለምን ምሥራቁ ብቻ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ደስታ ጥያቄ ያስረሳል።

ረቡዕ

መላው ተገኘ።

አየር ከመውረጃው ግርጌ ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ወደ ምሥራቁ ዋሻ፣ ግማሹ ወደ ምዕራቡ። መካከል ላይ ከባድ የእንጨት በር አለ። የመሃሉ በር ይሉታል። ሰው ሲያልፍ ይከፈታል፣ ወዲያው ይዘጋል። ክፍት መተው ነውር ነው፤ የረሳ ሰው ካለ ከኋላው ያለው ሁሉ «በሩን!» ብሎ ይጮህበታል። አባባ ከሁሉ አብልጦ ስለሚጮህ ስሙ ራሱ አባ በሩ ሆኗል። ቤትም ይጮህብናል።

በስሌት ሲታይ ግን በሩ በልኩ ገርበብ ብሎ ቢቆይ ምሥራቁ ደህና አየር ያገኛል። ምዕራቡ ትንሽ ይጎድልበታል። ትንሽ ነው። ደጋግሜ አስልቼዋለሁ።

አናጢው ሽብልቅ ጠረበልኝ። ወርጄ በገዛ እጄ ከበሩ ሥር ወሸቅሁት። ኢንጂነሩ፣ «ትምህርት ማለት ይኸ ነው» አለ። ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው መጥተው ጨበጡኝ።

ለአባባ አልነገርኩትም። ለማስደነቅ ነው ያቆየሁት።

አርብ፣ በችኮላ

ቆርቆሮዎቹ ቀለም ተቀቡ።

ቆርቆሮ የምንለው የሠራተኛው ቁጥር የተመታበት ትንሽ ሳህን ነው። ወራጁ መብራት ክፍል ሰሌዳ ላይ ይሰቅለውና የራስ መብራቱን ይወስዳል፤ ሲወጣ መብራቱን መልሶ ቆርቆሮውን ያወርዳል። ሰሌዳው ላይ ቆርቆሮ ካለ እታች ሰው አለ። ሰሌዳው ባዶ ከሆነ ጉድጓዱ ባዶ ነው።

ዛሬ የነባሩ አባላት ቆርቆሮ ቀይ፣ የአዲሱ አረንጓዴ ሆኖ ጠበቃቸው። «ለመዋጮ አቆራረጥ እንዲመች» ተባለ። የፈረቃ አለቃው፣ ካፖው፣ ግን በቀለሙ ነው የሚነዳቸው፤ ቀዩን ወደ ምዕራብ፣ አረንጓዴውን ወደ ምሥራቅ። ሊፍት ላይም አረንጓዴ ይቀድማል።

ጥሩምባ የሚሉት ሰው አለ፤ ስሙን ያወጣለት ሳሉ ነው። ቀይ ቆርቆሮውን እያገላበጠ፣ «ከበሬ የምለየው ጆሮዬ ላይ ስላልሰኩት ብቻ ነው» አለ። ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ። ካፖው አልሳቀም።

ታዲያ ምሥራቅ አረንጓዴ ነው ማለት ነው። አየሩን የላክሁት ወደዚያ ነው። አጋጣሚ ይሆናል።

እሑድ

አባባ ራሱን አሞት ውሏል። እማዬ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ እየነከረች ግንባሩ ላይ ታደርጋለች። «እርጅና ነው» ይላል። ባለፈው ወር እርጅና አልነበረም?

ራት ላይ ለማንም ሳያነጣጥር፣ «የመሃሉ በር ላይ ሽብልቅ ሰክተዋል። በመሐንዲስ ትእዛዝ ነው አሉ» አለ።

ጨው ዕቃው ክዳኑ ላይ ስንጥቅ አለው። ከዚህ በፊት አላየሁትም ነበር።

ማክሰኞ

የሰማሁትን እንደሰማሁት ልጻፍ።

ካርታ ላስፈርም ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሄድኩ። በሩ አልተዘጋም። የአዲሱ ማኅበር ሊቀመንበር ውስጥ ነበር። ሠራተኛው ሽቶው ይለዋል፤ ከሰል ሸትቶ አያውቅም። «ቅስቀሳው ከበደን ጌታዬ፤ ነባሮቹ ግትር ናቸው» አለ። ሥራ አስኪያጁ ሳቁ። «አንተ ምላስህን አታድክም። ጉድጓዱ ራሱ ይቀሰቅስልሃል። ምዕራቡን የጠላ ቆርቆሮውን ይቀይራል።»

ካርታውን ሳላስፈርም ተመለስኩ።

ሌላ ነገር ማለታቸው ሊሆን ይችላል። ምዕራቡ ጭቃ ነው፣ ጣራው ዝቅ ያለ ነው፤ ሰው እሱንም ሊጠላ ይችላል።

ካርታውን ሁለቴ ገልብጬ ጠቀለልኩት። ቁርስ ስላልበላሁ ይሆናል።

ሐሙስ

ምዕራብ ወርጄ ለካሁ። ፈንጂ ከተተኮሰ በኋላ ጭሱ ወዲያው ጠርጎ መሄድ ነበረበት። አይሄድም። ጣራው ሥር እንደ ጉም ተንጠልጥሎ ይቆያል፤ ሰዎቹ አፋቸውን በሻርፕ አስረው እዚያው ውስጥ ይቆፍራሉ። ስወጣ እኔም ራሴን አመመኝ፤ ጉሮሮዬ ከረከረኝ።

ለኢንጂነሩ ነገርኩት። መለኪያውን ተቀብሎ አገላበጠው። «እርጥበት ጠጥቶ ይሆናል።»

«ጉሮሮዬም እርጥበት ጠጣ?»

ምላሴን በነከስኩት። እሱ ግን አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። በለሆሳስ፣ «ስሚኝ፤ ድምፅ መስጠቱ እስኪያልፍ ነው። የሙከራ ጊዜሽም ያኔ ነው የሚያልቀው። ሁለቱንም በሰላም እንሻገር» አለኝ።

በሰላም።

ስወጣ ሽቶው ግቢው በር ላይ መኪናውን ተደግፎ ቆሟል። «የአባ በሩ ልጅ! ኮራን እኮ ባንቺ» አለ። ቀጥሎም ድምፁን ሳይቀይር፣ «አባትሽ አመሻሽቶ ባይገባ ጥሩ ነው። መንገዱ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው» አለኝ።

ሰፈር እስክደርስ ዞር ዞር እያልኩ አየሁ። ማንም አልተከተለኝም። ማንም አለመከተሉም አስፈራኝ።

ቅዳሜ

የሳሎኑን መስኮት በድንጋይ ሰበሩት። በጠራራ ፀሐይ፤ እማዬ ልብስ እያጣጠፈች። አባባ፣ «አረንጓዴዎቹ ናቸው» አለ። ጋሼ፣ «ቀዮቹ ናቸው፤ እኔን ከሃዲ ብለው» አለ። ለአንድ አፍታ በቀጥታ የተነጋገሩ መስሎኝ ነበር፤ ሁለቱም ግን የሚያዩት እኔን ነው። እማዬ ድንጋዩን ከወለሉ አነሳችና አገላብጣ አየችው። «ይኸኛውን ቀለም መቀባት ረስተዋል» አለች።

ስብርባሪውን ስጠርግ በራፍ ላይ የጋሼን ቦት ጫማ አየሁ። እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ለብሷል። ምሥራቁ እኮ አቧራ እንጂ ጭቃ የለውም። ቧንቧ ፈንድቶ ይሆናል። ሰኞ ልጠይቅ።

ሰኞ

ረሳሁ። መብራት ክፍል ሰልፉ ውስጥ አንዱ፣ «ዛሬ ደግሞ ማን ሆነህ ነው የምትወርደው?» ብሎ ሲስቅ ሰማሁ። ሲያየኝ ዝም አለ። ሁሉም ዝም አሉ። አሁን እኔ ስመጣ ዝም የሚባልልኝ ሰው ሆኛለሁ።

አንድ ደህና ነገር፦ የጥሩምባ ሳል ቀለል ብሎታል።

ረቡዕ

ዛሬ ልነቅለው ወርጄ ነበር።

ተንበርክኬ ሽብልቁን ያዝኩት። ካፖው ከኋላዬ መጣ። «ኢንጂነሩ አዘዋል?» አለኝ። ክፋት አልነበረውም፤ ዝም ብሎ ጠየቀ። «አይ፣ መላላቱን እያየሁ ነው» አልኩት። በዱላው ጀርባ መታ መታ አድርጎ አጠበቀልኝ። አመሰገንኩት።

አመሰገንኩት!

ነገ እነቅለዋለሁ። ድምፅ የሚሰጠው ቅዳሜ ነው፤ ከነገ እስከ ቅዳሜ ማን ያስተውላል። ወይም ቅዳሜን ልጠብቅና እሑድ። ፈሪ። አባባ ዛሬ ከሊፍቱ እንደወጣ ግድግዳ ይዞ ሲያስመልሰው ሰዎች አይተውታል። ለእማዬ ዓሣው ነው አላት።

ነገ።

ሐሙስ

ሳይረን። ምዕራብ ነው። መጻፉ ቆይቶ

አርብ፣ ሆስፒታል ኮሪደር

በሕይወት አለ። እሱን አስቀድሜ ልጻፍ። ጋሼ በሕይወት አለ።

ትናንት ጠዋት ምዕራብ ፈንጂ ተኮሱ፤ ጭሱ አልሄደም፣ ወደ ሰዎቹ ተመለሰ። ሳይረኑ ሲጮህ ቢሮ ነበርኩ። ወደ ግቢው ሮጥኩ። ምሥራቆቹ ቀድመው ወጥተው ቆርቆሯቸውን አውርደዋል። ምዕራቦቹን ጭንብል የለበሱ አዳኞች አንድ አንድ እያሉ ያወጧቸዋል፤ አንዳንዱ በእግሩ፣ አንዳንዱ በቃሬዛ። መብራት የሚያድሉት እትዬ ሰሌዳው ሥር ቆመው የወጣውን ቁጥር እየሰሙ ቆርቆሮ ያወርዳሉ። በመጨረሻ አንድ ቀይ ቀረ። የጥሩምባ።

ካፖው ዞር ሲል ጥሩምባን ግድግዳው ሥር ቆሞ አየው። «ይኸው እኮ! ማውረዱን ረስቶ ነው!» አለና ራሱ አወረደው። ሰሌዳው ባዶ ሆነ። «ጉድጓዱ ባዶ ነው» ተባለ። አዳኞቹ ጭንብላቸውን አወለቁ። አንዷ ሴት ተንበርክካ መሬት ሳመች።

ጋሼን በዓይኔ ፈለግሁት። አጣሁት። አረንጓዴ ነው፣ ቀድሞ ወጥቶ ወደ ቤት ሮጦ ይሆናል፣ እማዬን ሊያረጋጋ ይሆናል አልኩ። አባባን በቃሬዛ አሳለፉት። ፊቱ አመድ መስሏል። ክንዴን ያዘና፣ «በሩን… ልጄ… በሩን…» አለኝ። የያዙት ሰዎች ተያዩ። «የለመደበት ነው፤ አባ በሩ አይደል» ብለው ይዘውት ሄዱ።

እኔ ግን ቃሉ ውስጤ ገባ። መሬት መሬት እያየሁ ቆምኩ። ከዚያ የጥሩምባን ቦት ጫማ አየሁ።

ደረቅ ነበር። አቧራ የለበሰ፣ ደረቅ። የቀይ ሰው ጫማ አልነበረም።

ጭቃውስ? ጭቃው የእኛ በራፍ ላይ ነበር። ከቅዳሜ ጀምሮ።

የጥሩምባን ልብስ ይዤ፣ «የማንን ቆርቆሮ ነው ያወረድከው?» አልኩት።

«ልጄ፣ ቀስ በይ፤ ያባርሩኛል።»

«የማንን!»

አፉን ከፈተ፤ ሳሉ ያዘው። እያሳለ በእጁ ወደ ጉድጓዱ አመለከተ።

ከዚያ በኋላ የጮኸችው ሴት እኔ ነኝ ይላሉ። «አንድ ሰው ቀርቷል!» ብያለሁ። ቀጥዬም ኢንጂነሩ፣ ሥራ አስኪያጁ፣ ሽቶው፣ ግቢው ሙሉ ሰው እየሰማ፣ «የመሃሉን በር ዝጉ! ሽብልቅ አለው፣ ንቀሉት!» ብያለሁ።

አዳኞቹ ተመልሰው ወረዱ። በሩ ሲዘጋ አየሩ ወደ ምዕራብ ተመለሰና ጭሱ መንገድ ለቀቀላቸው። ጋሼን ከዋሻው ዳር፣ የአባባን ሻርፕ አፉ ላይ እንዳሰረ አገኙት። ያወጣው አዳኝ ሽብልቁን ቀበቶው ላይ ሰክቶት ነበር። ከቀበቶው መዝዤ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ማንም አላየኝም። ወይም ሁሉም አዩኝ።

እሑድ

አባባ ተሻለው፤ ትራስ ተደግፎ ተቀመጠ። ጋሼ ከማዶ አልጋ ኦክስጅን ተደርጎለት ተኝቷል። አባባን ጠየቅሁት፤ እሱም እየቆራረጠ ነገረኝ።

ጋሼ አባባን ሊፍቱ አጠገብ ሲያስመልሰው አይቶት ነበር፤ ሰዎች ካዩበት ረቡዕ አስቀድሞ፣ ገና ሽብልቁ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት። ለጥሩምባ፣ «አንተ ሳልህን ይዘህ ምሥራቅ ግባ፤ እኔ ባንተ ቆርቆሮ ምዕራብ እወርዳለሁ» አለው። ካፖው የሚያየው ቀለም ነው እንጂ ፊት አይደለም፤ ከሰል ሲለብስ ፊት ሁሉ አንድ ነው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አባባ አጠገብ ሲቆፍር ከረመ። ሐሙስም ሰውን ወደ ሊፍቱ ሲገፋ ቆይቶ ነው እሱ የቀረው።

«ምሳም አብራችሁ ትበሉ ነበር?»

«ታዲያ ለየብቻ ልንበላ ነው? እታች ኩርፊያ የለም።»

«ቤትስ?»

ወደ ጋሼ አልጋ አየ። «ቤት ማን ቀድሞ ይናገር?»

እኔም ነገርኩት። «አባባ፣ ሽብልቁ የእኔ ነው።»

«አውቃለሁ። አናጢው የዚያኑ ዕለት ነገረኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነቀልከውም? አንተ እኮ… አንተ አባ በሩ ነህ!»

«እጄን ዘርግቼ ነበር» አለ። «ከዚያ፣ ልጄ ተምራለች፣ እኔ የማላውቀው ነገር ብታውቅ ነው አልኩ። ተውኩት።»

ኮሪደር ወጥቼ ቆምኩ። እዚያ የሆነውን አልጽፍም።

ማክሰኞ

ኢንጂነሩ አስጠራኝ። ሥራ አስኪያጁም ነበሩ። ወንበር ሳቡልኝ። የሙከራ ጊዜዬ በመልካም መጠናቀቁን ነገሩኝ። ቋሚ ነኝ።

ከዚያ ስለ ወንድሜ አዘኑልኝ። አደጋው የደረሰው በሩን አንዳንድ የነባሩ ማኅበር ሰዎች ሆን ብለው ክፍት ስለተዉት ነው፤ ፍለጋውም የዘገየው ሠራተኛው ቆርቆሮ በመለዋወጡ ነው፤ ሰኞ መርማሪዎች ሲመጡ ይኸንኑ ማስረዳት ነው አሉኝ። ድምፅ መስጠቱ ከምርመራው በኋላ ይሆናል። «ያ እንጨት ደግሞ አንቺ ጋ ካለ» አለ ኢንጂነሩ፣ «የኩባንያው ንብረት ነው።»

«የቱ እንጨት?» አልኩ።

እንዴት እንዳልኩት አላውቅም።

አመሻሽ ላይ የሽቶው መኪና ሰፈራችን ቆማለች። መብራቷ ጠፍቷል። እማዬ የተሰበረውን መስኮት በካርቶን ሸፍና፣ «ዛሬ ሁላችንም ከጓዳ እንተኛ» አለች። ሽብልቁ አልጋዬ ሥር ነው። በየመሃሉ እጄን ሰድጄ እነካዋለሁ።

ሐሙስ

ጋሼ ነቃ። ሐኪሙ ጉሮሮው እስኪድን መናገር ከልክሎታል። አባባ እየተጎተተ አልጋው ጫፍ ላይ ሄዶ ተቀመጠ። እማዬ ሾርባ አመጣች። አባባ ማንኪያውን አነሳና ለልጁ አጎረሰው፤ ከዚያ በስሙ ጠራው። ጋሼ ሾርባው ትን አለው። እማዬ፣ «ቀስ! አሁን ደግሞ በፍቅር ልትገድለው ነው?» አለች።

ሥራ አስኪያጁ ያሉኝን ለአባባ ነገርኩት። «ቀለም ቀብተው የለያዩን እነሱ፣ ቀለሙን የተለዋወጥን ጥፋተኛ እኛ» አለ። ከዚያ ፈራ። አባቴ ሲፈራ ሳይ ይኸ የመጀመሪያዬ ነው። «ለብቻሽ አይሆንም» አለ። «ለብቻሽ ከሆንሽ ሽብልቁን ለብቻሽ ያሸክሙሻል።»

አርብ፣ ከሥራ በፊት

ጋሼ፣ ይኸንን ለአንተ ነው የምጽፈው። ደብተሩን ከሾርባው ጋር እማዬ ትሰጥሃለች። ከመጀመሪያው ገጽ አንብበው። ስለ ሽብልቁ ስትደርስ ልትጠላኝ ትችላለህ፤ ዝም ብለህ ግን ቀጥል።

ሰኞ መርማሪዎቹ ፊት እቀርባለሁ። ሽብልቁን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ ያዘዘኝ ማን እንደሆነ፣ የወሸቅሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ጭሱን ለክቼ ዝም በይ እንደተባልኩ፣ ዝምም እንዳልኩ እናገራለሁ። የሚያምኑኝ አይመስለኝም። «የቀዩ ልጅ ናት» ይላሉ። ሁሉንም ብዬ ስጨርስ ሌላ ሽብልቅ ለመጥረብ አናጢ አይቸግራቸውም፤ ምዕራብ የሚወርድ ሰውም አይታጣም።

አንተ ግን አረንጓዴ ነህ። በቀለም ስንት ሰው ወዴት እንደተነዳ፣ አንተ ለምን ቆርቆሮህን እንደቀየርክ ከአንተ አፍ ቢሰሙት ሌላ ነገር ነው። ጥሩምባ፣ «እሱ ከመጣ እኔም እመጣለሁ፤ ከፈለጉ ያባርሩኝ፣ ሳሌን ይዤ እሄዳለሁ» ብሏል። መናገር ባትችል እጅህን ይዤ እቆማለሁ፤ ጠይቀውህ ራስህን ብትነቀንቅ ይበቃል።

እፈራለሁ ጋሼ። ይኸን ስጽፍ እንኳ መስኮቱ ላይ ያለው ካርቶን በነፋስ ሲንኳኳ ብድግ እላለሁ።

ሐኪሙ የከለከለህ መናገር ነው፤ መጻፍ አልከለከለህም። የሚቀጥለው ገጽ ያንተ ነው። እርሳሱን ደብተሩ ውስጥ አድርጌልሃለሁ።

ሰኞ አብረኸኝ ትመጣለህ?